ራሱን የሚያርም ሟች

የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አንብቡት፣ ጉድለቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል ይባላል። እውነት ነው፤ አልክድም። እኔ የምቀየመው መካሪዎቹ ምክሩን እዚያ ላይ ስለሚያቆሙት ነው። የት ተቀምጣችሁ አንብቡ፣ ጉም ከወረደ ምን አድርጉ፣ ማን ሊሰማችሁ ይችላል የሚለውን ለእናንተው ይተዉታል። እኔ ይህን ሳላጣራ ገብቼበት፣ ይርጋጨፌ አቅራቢያ፣ ኮንጋ በምትባል የገጠር ቀበሌ አንድ ሰው በሞተ በሦስተኛ ዓመቱ መናገር እንዲጀምር አድርጌያለሁ።

ዲላ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ምደባ እዚህ ካመጣኝ ስድስት ዓመቴ ነው። «ቁጥር የሚያስተምር ሰው ልብ ወለድ ከጻፈ ከሁለቱ በአንዱ እየዋሸ ነው» የሚለኝ ባልደረባ አለኝ፤ በየትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረኝም። ያን ጊዜ የጻፍኩት ታሪክ ስልሳ አራት ገጽ ነበር። አንድ የሞተ ሰው ጉም በወረደበት ከሰዓት በኋላ ቡናውን አቋርጦ ይመጣና ሚስቱ በር ላይ ቆሞ «ክፈቺልኝ» ይላታል። ታሪኩ ይኸው ነው። የቀረው ስልሳ ሦስት ገጽ የእኔ ችሎታ ነው።

ችሎታዬን ቅመሱልኝ፦ «ብርቄ ሆይ! የዘላለም ናፍቆቴ ፏፏቴ፣ የነፍሴ ጓዳ መቅረዝ፣ በሩን ክፈቺልኝ፤ የመቃብር ብርድ አጥንቴን እንደ ክራር ይደረድረዋል!» ክራሩ ጋ ስደርስ እኔው ራሴ እንባ ይተናነቀኝ ነበር።

ብርቄ የሚለውን ስም ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ስም ቸግሮኝ ቀና ስል ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረ መጠይቅ ነበር። የኮንጋ ቡና አምራቾችን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እየሰበሰብን የምንጠይቅበት ወረቀት ነው። ከላይኛው ላይ «ብርቄ» የሚል አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ወሰድኩት። ከስሙ በታች የተሞላውን አላነበብኩም።

ታሪኩን ለሰብለ ሰጠኋት። ሰብለ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምር ባልደረባዬ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሆነን አንድ ሻይ ቤት ጓሮ የጻፍነውን የምናነበው እሷ ሰብስባን ነው። ሰው ማስከፋት ስለማይከብዳት እንፈራታለን። ወረቀቱን በሳምንቱ ስትመልስልኝ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋበታለች፦ «ይህን ራስህ ሰምተኸዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ጮክ ብለህ አንብበው ማለቴ ነው። ለሰው አይደለም፣ ለብቻህ። ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር እየጠራህ አንብበው። ነጠላ ሰረዝ እንደ በርበሬ ነው የነሰነስከው። አራት ነጥብ ደግሞ ጭራሽ የለህም፤ ሰውዬው አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ብርድ ላይ የቆመ ሰው እንደዚህ አያወራም።»

ተቀየምኳት። ግን ታዘዝኳት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቤቴ ነው። ቤቴ ስል እትዬ ወይንሸት ግቢ ውስጥ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። እትዬ ወይንሸት ከፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ግድግዳው ስስ በመሆኑ እኔ ሳስነጥስ እሳቸው ከሱቃቸው «ይማርህ» ይላሉ። በሬን ዘግቼ «ብርቄ ሆይ! በሩን ክፈቺልኝ!» ብዬ ሁለት ገጽ እንደሄድኩ በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ምን አድርጋህ ነው?» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሚስት እንዳለችህ እንኳ አልነገርከኝም።»

«ኧረ ሚስት የለችኝም እትዬ! እያነበብኩ ነው።»

ወረቀቱን አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ አላመኑም። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቁምሳጥኑን ትክ ብለው እያዩ በለሰለሰ ድምጽ «ብርቄ፣ ነይ ውጪ የኔ ልጅ። እኔ አለሁልሽ» አሉ። ጠበቅን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ጠበቅኩ። የቁምሳጥኑ በር ሲጥ ብሎ ትንሽ ሲከፈት ሁለታችንም ከክፍሉ እኩል ወጣን። ማጠፊያው የላላ ቁምሳጥን ነው፤ በራሱ ይከፈታል። ይህን ያስታወስኩት ግን ሱቁ ደጃፍ ከደረስን በኋላ ነው።

በነጋታው ከዩኒቨርሲቲው የኳስ ሜዳ ጀርባ ሞከርኩ። ተማሪዎቼ ከሩቅ አዩኝና በጣም በትህትና ሰላም ብለውኝ አለፉ። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ማንም አልረበሸም፤ ፈተና ከበደን ያለም የለም። ሰው ሲያዝንላችሁ ያስታውቃል።

ስለዚህ ኮንጋ ብቻ ቀረች። በየረቡዑ መጠይቅ ለማስሞላት እሄዳለሁ፤ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በማርቆስ ሞተር። ማርቆስ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስለሆነ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ማውራት አይከብደውም። ሥራዬን ስምንት ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ፤ እሱ የሚወስደኝ አሥር ሰዓት ላይ ነው። መሃል ላይ ሁለት ሰዓት አለኝ። ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ እንሰትና ቡና በተቀላቀለበት ቦታ፣ የወደቀ ግንድ አገኘሁ። ሰው የለም። ቤትም አይታይም። አይታይም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ቦታው ግን ደስ የሚል አልነበረም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ በዛፎቹ እግር ይገባል፤ መጀመሪያ ቡናው፣ ቀጥሎ እንሰቱ፣ በመጨረሻ የገዛ ጫማዬ ይጠፋኛል። ከሰፋፊው የእንሰት ቅጠል የሚወርደው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰው ረጋ ብሎ የሚራመድ ይመስላል። ሳነብ ድምጼ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ይቆይና የሌላ ሰው ሆኖ ይመለስልኛል፤ ወፈር ያለ፣ የደከመው ሰው ድምጽ ነው። አንድ ሁለቴ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ረቡዕ ሁሉንም እንዳለ አነበብኩት። በሁለተኛው ማረም ጀመርኩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ጆሮዬን ይሻክረዋል፣ «አይ፣ አይሆንም» እላለሁ፣ በሌላ ቃል እሞክራለሁ። በሦስተኛው ሰብለ እንዳለችኝ፣ የጎደለውን አራት ነጥብ እየጨመርኩ፣ ሥርዓተ ነጥቡን እየጠራሁ አነበብኩ። በአራተኛው ረቡዕ ጠዋት፣ ዳገቱን ስንወጣ፣ ማርቆስ አንገቱን መለስ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ዛሬ ቶሎ ጨርስ። እኔ እዛ ሰፈር ጉም ከገባ አልቆምም።»

«ለምን?»

«ሰውዬው ተመልሷላ!»

«የቱ ሰውዬ?»

«በራሶ ነዋ፣ አናጢው! ሦስት ዓመት ሆነው ከሞተ። አሁን በየረቡዑ ይመጣል። አይታይም፣ ድምጹ ብቻ ከጉም ውስጥ ትወጣለች። ሚስቱን ይጠራል።»

«ምን እያለ?»

«መጀመሪያ ብዙ ተናገረ፤ ስብሰባ ላይ እድል እንደተሰጠው ሰው። ማንም አልገባውም። በሁለተኛው ግን ምን ሆነ መሰለህ? ራሱን ማረም ጀመረ። 'በረደኝ' ይላል። ዝም ይላል። 'አይ፣ አይሆንም' ይላል። 'ብርድ ዘለቀኝ' ይላል። ደግሞ 'አይ' ይላል። ሽማግሌዎቹ ምን አሉ፣ እዛ ሰማይ በር ላይ አቁመውታል አሉ። ቃሉን ሳያስተካክል አያስገቡትም። አንድ ቃል በተሳሳተ ቁጥር ወደኛ ይመልሱታል።»

እዚህ ላይ ጅልነቴን ሳልሸፍን ልንገራችሁ። አላወቅኩትም። የገዛ ድርሰቴ በሰው አፍ ሲነገር አላወቅኩትም። ጸጉሬ ነው የቆመው። ቃሉን እስኪያስተካክል በር ላይ የቆመ ሟች! እኔ በስልሳ አራት ገጽ ያላገኘሁትን አንድ ሞተረኛ ዳገት ላይ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ቀናሁ። ማርቆስን አስቁሜ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ነው ያ ግንድ ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ረቡዕ ከሙት ጎን ተቀምጬ ኖሯል! ታዲያ እንዴት አልሰማሁትም ብዬ ራሴን ጠየቅኩና ራሴው መለስኩ፦ እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ በምን ልስማው!

ያን ቀን መጠይቁን በጥድፊያ ጨረስኩ። ወደ ግንዱ ላለመሄድ ወስኜ ነበር፤ ግን ደራሲ ነኝ ብዬ ስለማስብ ከሩቅ ብቻ ልየው አልኩ። ጉሙ ቀድሞኝ ገብቷል። ቀስ እያልኩ ወረድኩ፤ ከግንዱ አልፎ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አጥር ላይ፣ ነጭ ነገር ቆሟል። ቁመቱ የሰው ነው። ሁለት እጁን ዘርግቷል። ራስ የለውም። ነፋስ አልነበረም፤ እሱ ግን ወደኔ ተንቀሳቀሰ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ራሴን ያገኘሁት መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ውስጥ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ጎበና ቆጮ እየበሉ ነበር። ጫማ የሌለውን እግሬን አይተው ምንም ሳይደነቁ ቦታ ለቀቁልኝ።

«አየኸው?» አሉኝ።

«ነጭ ነገር... አጥሩ ላይ...»

«ነጠላው ነው። ብርቄ ናት የሰቀለችለት። ባለፈው ረቡዕ ራሱ ጠየቀ። አንዴ ብቻ መሰለህ? በየትንፋሹ ነው። 'በሩን ክፈቺልኝ፣ ነጠላ' ይላል። 'በረደኝ፣ ነጠላ' ይላል። ከነጠላ ቀጥሎ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ እሷን ጉሙ ይበላታል።»

ቃሏን አውቃታለሁ፤ ሰረዝ ናት።

«መጨረሻ ላይ ደግሞ» አሉ አቶ ጎበና፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «'አራት ነጥብ' ይላል። ሁልጊዜ መጨረሻው እሱ ነው። ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ 'አራት ነጥብ።' አራት ነገር ሳይጨርስ ሄዷል ማለት ነው። ተሰብስበን ስንመረምር ሦስቱን አገኘን። አንደኛው ልጆቹ ናቸው፤ አለሙና ታደሰ እሱ ከሞተ ጀምሮ በእንሰት ወሰን ተኳርፈው ሰላም አይባባሉም ነበር። ባለፈው እሑድ አስታረቅናቸው፤ አብረው በሉ። ሁለተኛው ወንዙ ላይ ጀምሮ የተወው የግንድ ድልድይ ነው፤ ልጆቹ እየሠሩት ነው። ሦስተኛው ለቤተ ክርስቲያን ቃል የገባው አግዳሚ ወንበር ነው። አራተኛዋን ነው ያጣናት።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልነበረም። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ስልሳ አራት ገጽ አንብቤ፣ ፏፏቴው፣ መቅረዙ፣ ክራሩ ሁሉ ጉም ሆኖ ቀርቶ፣ ሰው የያዘልኝ ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ! ኀፍረቱ የመጣው ሞተሩ ላይ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ዲላ ገብቼ መጠይቁን ሳወጣ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ ተሞልቷል፦ ብርቄ። የባለቤት ሁኔታ፦ በሕይወት የሉም። የባለቤት ሙያ የነበረው፦ አናጢነት።

ለሰብለ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነጠላው ጋ ስደርስ ጠረጴዛውን መታችው። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ።

«ሴትዮዋ በሩን ከፍታለች?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ስልሳ አራት ገጽ ሙሉ 'ክፈቺልኝ' እያልክ አንድ ጊዜ እንኳ ይህን አላሰብክም?»

በቀጣዩ ረቡዕ መጠይቅ ሳልይዝ ሄድኩ። ከግንዱ አልፌ አጥሩን ስሻገር ውሻ ተቀበለኝ፤ እግሬን ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። እማማ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይከትፋሉ። ውሻውን አንድ ቃል ብለው ዝም አሰኙት። ተቀመጥ አሉኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ድርሰቱን፣ ግንዱን፣ አራት ነጥቡን። ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«አውቃለሁ። አንተ ነህ።»

«ያውቃሉ?»

«በራሶ አርባ ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን 'ሆይ' ብሎኝ አያውቅም። ጎረቤት ይመን። እኔ ባሌን አላጣውም።»

«ታዲያ ነጠላውን ለምን ሰቀሉት?»

«ለአንተ ነዋ!» ተቆጡኝ። «ጉም ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ በረደኝ በረደኝ የሚል ሰው ምን ይደረግለታል? አንስተህ ትለብሰው ብዬ ነው። አንተ ጫማህን ጥለህልኝ ሄድክ።» ጫማዬ ታጥቦ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

መሳቅ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ቢላዋውን አስቀመጡ።

«የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቻለሁ» አሉ። «ስሜን ስሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ።» ወደ ጉሙ አዩ። «ስሜን ከየት አገኘኸው?»

«ከመጠይቁ።»

«ስለ ቡና ነው ብላችሁኝ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ስሙን እንደማወጣ ነገርኳቸው። «የእናትህን ስም አድርግበት» አሉኝ። «ያኔ ትጠነቀቃለህ።» ከዚያ «በል አንብበው፤ በስሜ ምን እንዳልክ ልስማ» አሉና ቢላዋቸውን አነሱ።

አነበብኩላቸው። አንድም አስተያየት አልሰጡም፤ ጎመኑን ይከትፋሉ። ቢላዋው በፏፏቴው ላይ አልቆመም፤ በክራሩ ላይ አልቆመም፤ እኩል እየመታ ያልፋል። ከብዙ ገጾች በኋላ፣ ሟቹ በሩ ላይ የነበረውን የተላላጠ ቀለም በጣቱ የሚነካበት ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ሳልል ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ብዙ ቆይቶ ሌላ ቦታ ቆመ። ጎመኑ ሲያልቅ ወረቀቱን ባየው ምልክቶቹ ሰባት ናቸው። ስድስት ዓመት ስለ ጽሑፍ የተነገረኝ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ቢላዋ ያህል አላስተማረኝም።

«እውነት ቢመጣ ግን ምን ይሉ ነበር?» አልኳቸው።

ብዙ አላሰቡም። «ከውጭ ሲገባ የሚለው አንድ ነው። 'ውሻውን አስረሽዋል?' ይላል። ሌላ ምን ይላል?»

ይህን ልጽፈው እችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፈቀዱልኝ። ልነሳ ስል ግን እጄን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። አራተኛዋን አላገኟትም አይደል? ጣሪያው ነው። ያፈሳል። ሦስት ክረምት ለልጆቼ ነገርኳቸው፤ እሺ ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። ለሞተ ሰው እሺ ብሎ መቅረት ግን ይከብዳቸዋል። እዛው ሂድና 'ጣሪያው ያፈሳል' በል። ልጆቹ ወንዙ ጋ ናቸው፣ ይሰሙሃል።»

«እማማ፣ ይሄ ማታለል ነው!»

«እስከዛሬስ ምን ስታደርግ ነበር? ሂድ። ደግሞ አሳጥረው። በራሶ አያወራም።»

ሄድኩ። ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ያን ቀን ወፍራም ነበር፤ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ከታች የአለሙና የታደሰ መጥረቢያ ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ። «ጣሪያው ያፈሳል» ልል ነው። ወይስ «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» ይሻል ይሆን? ሟች ከሆነ ለምን በአሁን ጊዜ ይናገራል? «ቤቱ» ቢልስ? በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ድርሰት ሁለት ቃል ነው፤ እሱንም ማረም ጀመርኩ። አንዱንም ሳልል እንደገና አማረጥኩ።

መጥረቢያዎቹ ቆሙ።

ከበስተጀርባዬ፣ ከእንሰቱ መሃል፣ ሰው ሳለ። ደረቅ፣ አጭር፣ ግቢውን የሚያውቅ ሰው ሲገባ የሚስለው ዓይነት ሳል። ዞርኩ። አንድ የእንሰት ቅጠል ሰው እንዳለፈበት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌሎቹ ቅጠሎች ጸጥ ብለዋል። የግቢው ውሻ፣ እኔን ሊበላኝ የነበረው ውሻ፣ አልጮኸም።

አሁንም ሮጥኩ። በዚህኛው ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር። ማርቆስ ሲያየኝ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ፤ ይርጋጨፌ እስክንገባ ሁለታችንም አልተነፈስንም፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሳምንቱ ስመለስ የእማማ ብርቄ ቤት አናት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ወንድማማቾቹ ላዩ ላይ ሆነው ይመታሉ። አለሙ ሲያየኝ ወረደና ጨበጠኝ።

«መምህር፣ አባታችን አራተኛዋን ነገረን።»

«ምን... ምን አላችሁ?»

«'እናታችሁ ከባልዲ ጋር ነው የምትተኛው' አለን።» አይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሌላ ምንም አላለም። እኔና ታደሰ እኩል ሰማን። ድልድዩን ትተን መጣን።»

እማማ ብርቄ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ጎበዝ!» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሳጥር ስልህ እንደዚህ ታሳጥራለህ ብዬ አላሰብኩም። ጣሪያ የምትል ቃል እንኳ ሳታነሳ! ግን ባልዲውን ማን ነገረህ? ቀን ቀን አልጋ ስር ነው የምደብቀው። ልጆቼም አያውቁም።»

«እማማ፣ እኔ አልተናገርኩም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልናገር ስል ቃል አማረጥኩ። አንድም ቃል አልወጣኝም። ሮጥኩ።»

አዩኝ። ጣሪያው ላይ መዶሻው ይመታል።

«ውሻው ጮኾብሃል ያን ቀን?»

«ስገባ ነው እንጂ፣ ኋላስ አልጮኸም።»

«እሺ» አሉ፤ እሱንም ያሉት ለኔ አልነበረም። ተነስተው የተዘጋውን በር ገርበብ አድርገው ተመለሱና ሻይ ቀዱልኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም።

ታሪኩ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ቢላዋው የቆመባቸው ቦታዎች፣ የውሻው ጥያቄ፣ በእናቴ ስም የምትጠራ አንዲት ሴት፤ በእናቴ ስም «የነፍሴ ጓዳ መቅረዝ» ለማለት ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። መጨረሻው ላይ ባልዲዋን አስገባኋት። እንዴት አላስገባት! ቅዳሜ ሳነብ አምስቱም ባልዲዋ ጋ ስደርስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ እንኳ ትሪውን ይዛ ቆመች። ሰብለ ወረቀቱን ወሰደችና አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ከበበቻት።

«ይቺን ነው ስጠብቅ የነበረው» አለችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰብለ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው። «ከየት አመጣሃት?»

«ከ...» አልኩ። ሁሉም ያዩኛል። ከራሴ ማለት ሁለት ቃል አይሞላም። ያ ደረቅ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እርሳሱን ከእጇ ተቀበልኩና ዓረፍተ ነገሯን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኳት።

«አብደሃል?» አለች ሰብለ። «ከዘጠኝ ገጽ ውስጥ ጥሩዋን አጥፍተህ እነዚህን ድኩማን ልትተዋቸው ነው?»

«ድኩማኑ የኔ ናቸው» አልኳት።